ብርድን ተሸክሞ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ

በአገራችን ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ስንቁን ሳያሰናዳ ከቤቱ አይወጣም። አባቶቻችን ሲዘምቱም ሆነ ሲነግዱ ሥጋውን ቋንጣ፥ እንጀራውን ድርቆሽ፥ ገብሱን በሶ አድርገው፥ ቅቤውንም አንጥረው ይይዙ ነበር፤ በ1888 ዓመተ ምሕረት ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊትም ይህንኑ የመሰለ ስንቅ በአህያና በበቅሎ አስጭኖ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጠው። የዚህ ሁሉ ስንቅ ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ውሃውን ከምግቡ ማስወጣት ነው። ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ያለ ውሃ ሊባዙ አይችሉምና።

የዛሬው ዘመን ስንቅ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ፍሪዘር የሚባለው መሣሪያ ውሃውን ከምግቡ አያስወጣውም፤ በዚያው እንዳለ በረዶ አድርጎ ያስረዋል እንጂ። ጥቃቅኖቹም ፍጥረታት በዚህ ጊዜ ሁሉም አይሞቱም፤ ተኝተው የሚነቁበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ቋንጣ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ፀሓይን አይፈልግም፤ በብርድ የረጋ ወጥ ግን ብርዱን በየሰዓቱ ይፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ስንቅ ይዞ የሚጓዝ ሰው የሚሸከመው ወጡን ብቻ አይደለም፤ ብርዱንም ጭምር ነው። ብርድም በተሰነጠቀ እንስራ እንደ ተሞላ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ የሚያልቅ ጭነት ነው።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ታናሽ እኅቴ በድሬዳዋ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጁ የበኵር ልጇ ነው። የወለደችውም በቀዶ ጥገና ስለ ነበረ ለጥቂት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሣና ከምድጃ አጠገብ እንዳትቆም ሐኪሞቹ አዘዟት። እናታችን እማማ እንደ ልማዳችን ሄደው አራስ ቤት መሰንበት ይገባቸው ነበር፤ ነገር ግን የጉልበት ሕመም ስላለባቸው ዐሥራ ሁለት ሰዓት በመኪና መቀመጥ አይችሉም፤ በአውሮፕላንም እንዲሳፈሩ ብንለምናቸው እምቢ አሉ። በመጨረሻ «እኔ ባልሄድ እጄ ይሂድላት» ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ። የዶሮውን፥ የሥጋውንና የምንቸት አብሹን ወጥ በየዓይነቱ ሠርተው በእኔ እጅ ሊልኩላት ማለታቸው ነው።

እኔ ግን ፈራሁ። የፈራሁበትም ምክንያት አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ለሠርግ ወደ ወልቂጤ ስንሄድ፥ በሌሊት የተሠራ የሥጋ ወጥ በትልቅ ድስት እንደ ሞቀ ከድነን፥ በጋቢ ጠቅልለን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አስቀመጥነው። መንገዱ ከ160 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ሆኖም እዚህም እዚያም ዘመድ እየጠየቅን ስንቆም ከሰዓት በኋላ ደረስን። ወጡ ሽታው መልካም ነበር። ደግመን አሞቅነው፥ ተንተከተከ፥ በላነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሆን አምስት ሰዎች ያስመልሰን ጀመር። ከሁላችንም ይልቅ እማማን ጸናባቸው፤ ሁለት ቀን በሐኪም ቤት ተኝተው ፈሳሽ በደም ሥራቸው ሲሰጣቸው ሰነበቱ። እርሳቸው እስከ ዛሬ ድረስ «ዓይን ነው» ይላሉ።

ሐኪሙ ግን ነገሩን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መካከል ሲቆይ ጥቃቅን ፍጥረታት ይፈላበታል። ከ5 በታች ቢሆን ይዘገያሉ፤ ከ60 በላይ ቢሆን መባዛት አይችሉም። ስለዚህ የተሠራ ምግብ በዚህ መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፥ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት አገርም ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ያዝዛሉ። በትልቅ ድስት ተከድኖና በጋቢ ተጠቅልሎ የተጫነ ወጥ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚበርድ በዚያ ክፉ መካከል ብዙ ሰዓት ይቀመጣል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ስታፊሎኮከስ የሚባለው በሰው አፍንጫና እጅ ላይ የሚኖር ፍጥረት በምግብ ውስጥ ሲባዛ መርዝ ይተዋል፤ እሳት ፍጥረቱን ቢገድለውም መርዙን አያጠፋውም። ሽታውንም ሆነ ጣዕሙን አይለውጥም። እኛም በወልቂጤ ያሞቅነው መርዙን ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ለአራስ የሚሄድ ምግብ እንዲህ ባለ መንገድ እንዳይሄድ ቆርጬ ተነሣሁ። ባለቤቴና እኔ ከእማማ ጋር ሦስት ቀን ተከራከርን፤ ከክርክሩም በኋላ ሥራው በዚህ ሥርዓት ተፈጸመ።

ወጡ ከምድጃ እንደ ወረደ በድስቱ አልተተወም። በሰፋፊ ትሪ በስሱ ተዘረጋ፤ ትሪውም ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ላይ ተቀመጠና ቶሎ በረደ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰው የሚበቃ እየሆነ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት ተጨመረና ሁለት ጣት ውፍረት እስኪቀረው ድረስ ተደመደመ። ጠፍጣፋ ከረጢት ቶሎ ይረጋል፤ እንደ መጽሐፍ ተደራርቦም ክፍተት ሳይተው በሣጥን ይገባል። ሁሉም በአንድ ቀን ፍሪዘር አልገባም፤ ብዙ ያልበረደ ምግብ በአንድ ጊዜ ቢገባ ቀድሞ የረጋውንም ያሞቀዋልና በሦስት ቀን ተከፍሎ ገባ። በመካከሉ መብራት ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር፤ እማማ ወጡን ለማየት ፍሪዘሩን ሊከፍቱ ሲነሡ እጃቸውን ይዤ ለመንኋቸው። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፥ እኩሌታው የሞላ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ብርዱን ይይዛል።

እንቁላል የሌለው ዶሮ ወጥ መላክ ለእማማ ትልቅ ውርደት ነበረ። ነገር ግን የተቀቀለ እንቁላል ሲረጋ ነጩ እንደ ጎማ ይሆንና ውሃ ይተፋል፤ ድንችም እንዲሁ ይበላሻል። እንቁላሉ እዚያው በድሬዳዋ ተቀቅሎ እንዲገባበት ተስማማን፤ እርሳቸውም ቁጥሩን በወረቀት አስጽፈው ሰጡኝ።

ሁለት ሣጥን አዘጋጀን። አንዱ ትልቅ፥ ዓሣ ነጋዴዎች የሚይዙት ዓይነት ወፍራም የፎም ሣጥን ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ የላስቲክ የበረዶ ሣጥን ነው። ሣጥኑም ራሱ ሙቀት ስላለው ከዋዜማው ጀምሮ የረጋ ውሃ ያለባቸው ላስቲኮች ውስጡ አድረው አበረዱት። ለበረዶውም ሃይላንድ እየተባለ በሚጠራው የውሃ ላስቲክ ውሃ ሞልተን አረጋን፤ ነገር ግን ውሃ ሲረጋ ከመጠኑ ከአሥር አንድ ያህል ስለሚጨምር እስከ አፉ አልሞላነውም። የበረዶ ኃይል የሚገርም ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ የሚወስደው ሙቀት፥ አንድ ኪሎ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ስለዚህ የቀዘቀዘ ውሃ ይዞ መሄድና በረዶ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ብርድ ወደ ታች ስለሚወርድ ከበረዶው ዋናውን ክፍል ከላይ አደረግነው፤ የቀረውንም ክፍተት በጋዜጣና በጨርቅ ጠቀጠቅነው።

አንድ ወዳጄ ደረቅ በረዶ ብይዝ እንደሚሻል መክሮኝ ነበር። ደረቅ በረዶ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሆነ በባዶ እጅ ቢይዙት ቆዳን ያቃጥላል። ወደ ውሃ ሳይለወጥ በቀጥታ ጋዝ ሆኖ ይተናልና መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ተሳፋሪውን ሊያፍነው ይችላል። ከእኛ ጋር የስምንት ዓመት ልጃችን ስለሚሄድ ምክሩን በምስጋና ተውሁት።

ትልቁን ሣጥን በመኪናው የኋላ መጫኛ ሳይሆን ከፊት ወንበር በስተጀርባ አስቀመጥነውና በሁለት ጋቢ ሸፈንነው። ልጄ ይህን አይቶ «አባባ፥ ጋቢ ያሞቃል እንጂ ያበርዳል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ጥያቄ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጠይቄ ነበር፤ መምህሩ ሁለት እኩል የበረዶ ቍራጮች አምጥቶ አንዱን በጠረጴዛ ላይ ራቁቱን፥ ሁለተኛውን በሱፍ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ራቁቱ ቀልጦ ሲያልቅ የተጠቀለለው ገና እኩሌታው ነበረ። ጋቢ አያሞቅም፥ አያበርድምም፤ ያገኘውን ይጠብቃል።

እኔ በሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ያለ መዝገብ ነገርን ማመን አይሆንልኝም። ስለዚህ ገመድ ያለው ቴርሞሜትር ገዝቼ ጫፉን በትልቁ ሣጥን ከረጢቶች መካከል አገባሁት፤ ሣጥኑን ሳልከፍት ቁጥሩን ከውጭ አነባለሁ። ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ከቤታችን ስንነሣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍሁ።

በትንሹ ሣጥን የሄደው ለመጀመሪያው ምሽት ማዕድ የታሰበው ዶሮ ወጥ ነበር። በደረስንበት ሰዓት ቶሎ እንዲገኝ ብለን ለብቻው ለየነው። በሚያሳዝን ሁኔታ ለመንገድ የምንጠጣውንም ውሃ ከበረዶው ጋር እዚያው ጨመርነው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓመት ከተከፈተ ወዲህ ይህ የመንገዱ ክፍል ድካም የለውም። ጨለማው ሳይለቅ ቢሾፍቱን አለፍን፤ ከሞጆ በኋላ ነጋ። በዚህ አካባቢ ሥጋቸውን ወደ ዓረብ አገሮች የሚልኩ ቄራዎች አሉ። ወደ ምሥራቅ በሚሄዱትም የጭነት መኪናዎች መካከል አልፎ አልፎ ነጭ ሣጥን የተሸከመ፥ ከሹፌሩ ክፍል በላይ የራሱ ሞተር የሚያጓራ መኪና ይታያል። ያ ሞተር የማን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓመት በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ገና በሕፃንነቱ ወላጆቹን ያጣ፥ ትምህርት ቤትም ብዙ ያልሄደ፥ የሞተርን ነገር ግን በራሱ ያጠና ሰው ነበር። ከእርሱ በፊት በየብስ ምግብ የሚያመላልሱ መኪናዎች የሚተማመኑት በበረዶ ላይ ነበር፤ በረዶው በመንገድ ካለቀ ጭነቱ ይበላሻል። ጆንስ የመንገዱን መንገጫገጭ የሚችል፥ በመኪና ላይ የሚሰቀል ማቀዝቀዣ ሠራና የፈጠራ መብቱን አገኘ። ሥራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊቱ ምግብ፥ መድኃኒትና ደም ለመጠበቅ አገልግሏል። በ1961 ዐርፎ፥ ከዕረፍቱ ሠላሳ ዓመት በኋላ በ1991 የአሜሪካ መንግሥት ከፍተኛውን የቴክኖሎጂ ሜዳይ ሰጠው። ይህን ለልጄ ስነግረው ያን መኪና እስኪሠወር ድረስ በመስኮት ተመለከተው። እኛ የያዝነው ግን ከጆንስ በፊት የነበረውን ዓይነት ስንቅ ነበር፤ በረዶው ካለቀ ያልቅለታል።

አዳማ ስንደርስ ከዜሮ በታች 15። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው እየወረደ ሄደ። ከአዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ አዋሽ ከተማ እስኪደርስ ድረስ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱንም ሰውነት ከዓይን አስቀድሞ ያውቀዋል። በመተሐራ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል የበሰቃ ሐይቅ መንገዱን ታክኮ ተኝቷል። ሐይቁ ካለፈው ምዕተ ዓመት እኩሌታ ወዲህ እየሰፋ የመጣ፥ ውሃውም ጨዋማ ነው። በላዩ የፈንታሌ ተራራ ይታያል። በፓርኩ ሣር ውስጥ አራት ሳላዎች ረዣዥም ቀንዳቸውን እንደ ጦር አቁመው አየን፤ ልጄም በዚያ ደስታ መተኛቱን ተወ።

በሦስት ሰዓት ከአዋሽ ደረስን። ዝናው የተሰማው የባቡር ጣቢያ ሆቴል ከጥንቱ የጅቡቲ ምድር ባቡር ዘመን የቀረ ነው፤ በረንዳው ላይ ቡና ጠጣን። ወንዙ ከከተማው አጠገብ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይሄዳል። አዋሽ ከደጋ የሚነሣ ታላቅ ወንዝ ሆኖ ሳለ ባሕርን አያይም፤ በበረሃው መጨረሻ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። የመኪናው መለኪያ የአየሩን ሙቀት 36 ዲግሪ ብሎ አሳየ። የትልቁ ሣጥን ግን ከዜሮ በታች 10 ነበረ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ደስታዬ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። አዋሽን አልፈን ወደ ሚኤሶ ስንሄድ ጎማ ፈነዳብን። ክሪኩን አውጥተን መኪናውን ብናነሣ ተጠባባቂው ጎማ ነፋስ አልነበረውም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በቸርነቱ ሁለቱንም ጎማ ጭኖ ወደ ኋላ ከተማ ወዳለው ጎሚስታ ወሰደልን፤ በሌላ መኪና እስኪመለስልን ድረስ ሁለት ሰዓት ከግማሽ በግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሞተሩ ከጠፋ የመኪናው ውስጥ እንደ ምድጃ ስለሚሆን ሣጥኖቹን አውርደን ከጥላው አኖርናቸው። ባለቤቴ ነጠላዋን በውሃ ነክራ በትልቁ ሣጥን ጋቢ ላይ አለበሰችው፤ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። ይህን ጥበብ በዚያ መንገድ የሚያልፉ ጫት ጫኚዎች ያውቁታል፤ ጭነታቸውን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለው ነው የሚከንፉት። ሥራቸውን ባልወድም ትጋታቸውን አመሰግናለሁ።

በዚህ መካከል ሦስት ብላቴኖች ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡና በእጃቸው ምልክት ውሃ ለመኑን። በዚያ ፀሓይ ውሃ የለመነን መከልከል የሚቻለው ማን ነው? «ከትንሹ ሣጥን አውጥተህ ስጣቸው» ብዬ ልጄን ያዘዝሁት እኔው ነኝ። እርሱም አወጣ። በረዶው ገና ባልቀለጠበት ላስቲክ ላይ ፊታቸውን እየደገፉ ሲስቁ ልጄም ሁለተኛውን አወጣ፥ ሦስተኛውንም ለእኛ አወጣ። ሣጥኑ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደ ተዘጋ አልቈጠርሁም፤ በማስታወሻዬም ስለ እርሱ የተጻፈ ነገር የለም። ቴርሞሜትሩ ያለው በትልቁ ብቻ ነበረ።

ጎማው ተመልሶ ጉዞ ስንጀምር ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ሐረርጌ ደጋ ይወጣል፤ በአሰበ ተፈሪ አየሩ ቀለል አለ፤ መዝገቤም ከዜሮ በታች 4 ይላል። በሂርና የተራራውን ገመገም የያዙት የማሽላ እርከኖች ሰው በእጁ ያነጻቸው ደረጃዎች ይመስላሉ። በቁልቢ ራስ መኰንን ያሠሩትን የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ከመኪና ወርደን ተሳለምን፤ ያን ያህል ደቂቃ ለብርዱም ቢሆን አልሣሣንም። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መንገድ በየመታጠፊያው እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ በእያንዳንዱም መታጠፊያ ሙቀቱ አንድ ልብስ የሚያስወልቅ ይመስላል። ከምሽቱ በአንድ ሰዓት ከእኅቴ ደጅ ቆምን። ጉዞው ዐሥራ አምስት ሰዓት ሆነ።

ትልቁ ሣጥን ሲከፈት ከዜሮ በታች 1 ነበረ። ዳር ዳሩን የነበሩት ከረጢቶች ለስልሰው ነበርና ባለቤቴ ደነገጠች፤ የሚያስደነግጥ ግን አልነበረም። ወጥ ጨው ስላለበት ከዜሮ በታች ሳለም ይለሰልሳል። ከ4 ዲግሪ በታች እስከ ሆነ ድረስ ወይም በውስጡ የበረዶ ፍሬ እስካለ ድረስ እንደገና ቢያረጉት ጣዕሙ ጥቂት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አይጐዳም። የለሰለሱትን አራት ከረጢቶች በማቀዝቀዣው አስቀምጠን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲበሉ፥ የቀሩት ወደ ፍሪዘር እንዲገቡ አደረግን።

ከዚያም ትንሹን ሣጥን ከፈትሁ። አንድ ላስቲክ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ውሃ ሆኗል። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በወጡ ውስጥ ባገባሁት ጊዜ 16 ዲግሪ አነበብሁ። ከ5 ዲግሪ ያለፈው በምን ሰዓት ነው? በግራሩ ሥር ነውን? በአሰበ ተፈሪ ነውን? መልስ የሚሰጥ መዝገብ የለም።

የእኅቴ አማት መልካም ሴት ናቸው፤ ቀርበው የከረጢቱን አፍ ከፈቱና አሸተቱት። «ልጄ፥ ምን ሆነና ነው? የበሶ ብላውና የኮረሪማው ሽታ ቤቱን ሞላው እኮ። ደኅና አድርገን እናንተክትከዋለን፤ እሳት የማይገድለው ምን አለ?» አሉ። እኔም የወልቂጤውን ነገር አጫወትኋቸው። እሳት የሚገድለውን ገድሎ መርዙን እንደሚተወው፥ አፍንጫም በቦታው ሳይኖር የሚመሰክር ምስክር መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የእናትህስ ልፋት?» አሉኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እማማ ያን ዶሮ ሲያጥቡ ሦስት ጊዜ በሎሚ፥ ሁለት ጊዜ በጨው ውሃ ሲያመላልሱት አይቻለሁ። ሽንኵርቱን ሲያቁላሉ ጉልበታቸውን እያሻሹ በዱካ ላይ ሁለት ሰዓት ሲቀመጡ አይቻለሁ። እኅቴ ከመኝታዋ ሆና «ጋሼ፥ ትንሽ ብቀምሰውስ?» ስትል ድምፅዋን ሰማሁ፤ ሕፃኑም በጎኗ ነበረ። ከረጢቱን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁና ጉድጓድ ቆፍሬ፥ ውሻና ድመት እንዳያወጣው አመድ ነስንሼ ቀበርሁት። የስምንት ዓመቱ ልጄ ተከትሎኝ መጥቶ ባትሪውን ያበራልኝ ነበር። ሣጥኑን የከፈተው እርሱ ስለሆነ እንዳያለቅስ «ያዘዝሁህ እኔ ነኝ፤ ውሃውን መስጠታችንም ደኅና ነው» አልሁት።

በዚያች ምሽት የቀረበው ከትልቁ ሣጥን የወጣ ምንቸት አብሽ ነው። ከመካከሉ ሳይቀር እስኪንተከተክ፥ ቴርሞሜትሩም ከ74 ዲግሪ በላይ እስኪያሳይ ድረስ አሞቅነው። እኅቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጠችና ዓይኖቿን ጨፈነች፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ጨመረች። እስክትጠግብ ድረስ ማንም ስለ ዶሮው አላነሣም።

እማማ በሦስት ሰዓት ደወሉ። ስለ ሕፃኑ፥ ስለ ቁስሏ፥ ስለ እንቅልፏ ከጠየቁ በኋላ «ዶሮው እንዴት ነው? እንቁላሉን በወረቀቱ ልክ ጨመራችሁበት?» አሉ። ባለቤቴ ዝም እንድል በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔ ግን የሆነውን ሁሉ፥ ጎማውን፥ ብላቴኖቹን፥ 16 ዲግሪውንና ጉድጓዱን በተራ ነገርኋቸው። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አሉ።

«ልጆቹ ውሃውን ጠጡት?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎን፥ ጠጡት።»

«ሣጥኖቹን እዚያ እንዳትተዋቸው፤ ይዘሃቸው ና። ለክርስትናው ሌላ ዶሮ እሠራለሁ። የምትጠጡትን ውሃ ግን ለብቻው ያዙ።»